ሦስት ፖዋሮዎች በአንድ ባቡር፦ ለመጽሐፉ የታመነው ፊልም የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ «የአጋታ ክሪስቲን “ግድያ በኦሪየንት ኤክስፕረስ” አንብቤ በጣም ወደድኩት። ወዲያው የ2017ቱን የኬነት ብራናን ፊልም አየሁና ቅር አለኝ። የሌሎች ተመልካቾችን አስተያየት ሳነብ ደግሞ ይብሱን ግራ ተጋባሁ። አንዱ ድንቅ ነው ሲል ሌላው ደራሲዋን መሳደብ ነው ይላል። የ1974ቱን የሚወዱ ሌላውን ሁሉ ከንቱ ያደርጉታል፤ በቴሌቪዥን መርማሪውን ፖዋሮን የተጫወተው የዴቪድ ሱሼ አድናቂዎች ከእሱ ሌላ ፖዋሮ የለም ባዮች ናቸው። ለመጽሐፉ የታመነው የትኛው ነው? መጽሐፉን የማይከተል ፊልምስ ለምን ስሙን ይይዛል? ደግሞም አባቴ መጽሐፉን አላነበበም፤ የትኛውን ላሳየው?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሣ፤ ለአባትዎ የ1974ቱን ያሳዩ። ምክንያቱ ሲብራራ የቀሩት ጥያቄዎችም አብረው ይፈታሉ። ታሪኩ በበረዶ በተያዘ ባቡር ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ተገድሎ ሲገኝ መርማሪው ፖዋሮ ገዳዩን የሚፈልግበት ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ እዚህ አይነገርም፤ መጽሐፉን ያላነበበ ሰውም ሳይሰጋ ሊከተለኝ ይችላል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ «ታማኝ» የሚለውን ቃል እንፈትሸው። ተመልካቾች የማይግባቡት በአንድ ቃል ሦስት የተለያየ ነገር ስለሚሉ ነው። አንዱ ታማኝነት የሚለው የታሪኩን አካሄድ ነው፤ ማን ምን ተናገረ፣ የትኛው ፍንጭ የት ተገኘ። ሌላው የመርማሪውን ጠባይ ይፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ መጽሐፉን ከድኖ ሲያስቀምጥ የተሰማው ስሜት ከፊልሙም እንዲመጣለት ይጠብቃል። ሦስቱንም አሟልቶ የያዘ ፊልም የለም። ስለዚህ ሁሉም ተሟጋች በአንድ ሚዛን ትክክል ነው፤ ስህተቱ የራሱን ሚዛን ብቸኛ ሚዛን ማድረጉ ነው።

በታሪኩ አካሄድ ከሄድን ሲድኒ ሉሜት ያዘጋጀው የ1974ቱ ፊልም ከሁሉም ይቀርባል። ሆኖም ይህ «ታማኝ» የሚባለው ፊልም ገና ሲከፈት ትልቅ ክህደት ይፈጽማል፤ ይህን አንስቶ ያማረረ ተመልካች አጋጥሞኝ አያውቅም። በመጽሐፉ ውስጥ ሟቹ በእውነት ማን እንደነበረ የምናውቀው ከግድያው በኋላ ነው፤ ያውም ከፖዋሮ ጋር እኩል። ቦታውን ያስታውሱ። ፖዋሮ በሟቹ ክፍል ውስጥ የተቃጠለ የወረቀት ቁራጭ ያገኛል። ከሴቶች የባርኔጣ ሣጥን ውስጥ የሽቦ ወንፊት ያስወጣና ቁራጩን በሁለት ሽቦ መካከል ያጣብቀዋል። ከዚያም ሪዙን በሚጠቀልልበት መቆንጠጫ ይዞ በትንሽ የአልኮል ምድጃ ነበልባል ላይ ያደርገዋል። ፊደሎቹ ለአፍታ ፍም መስለው ይበራሉ፤ የአንዲት ትንሽ ልጅ ስም ይነበባል። የአርምስትሮንግ ቤተሰብ መከራ፣ ማለትም የትንሿ ልጃቸው ታፍኖ መወሰድና መገደል፣ ወደ ታሪኩ የሚገባው በዚያች ቅጽበት ነው። ሉሜት ይህን ትዕይንት አልጣለውም፤ ነገር ግን የልጅቷን መታፈን አምጥቶ የፊልሙ በር ላይ አቁሞታል። በጋዜጣ ርዕሶች፣ በፎቶግራፎች፣ ያለ ብዙ ንግግር። ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ተመልካቹ ከመርማሪው የበለጠ ያውቃል።

ለምን እንዲህ አደረገ? አንባቢ ስም ሲምታታበት ገጽ መልሶ ያያል፤ በሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። አሥራ ሁለት የማያውቃቸውን ፊቶች እያጠና ባለበት ሰዓት ከዓመታት በፊት በሌላ አህጉር የተፈጸመ ወንጀል በወሬ ብቻ ቢነገረው ግማሹ ያመልጠዋል። ስለዚህ ሉሜት አንድ ድንቅ ቅጽበት መሥዋዕት አድርጎ ሙሉውን ታሪክ አተረፈ። ክህደቱ ልክ ነበር። «ለምን ስሙን ይይዛል?» ላሉት ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው፤ ቃል በቃል የተከተለ ፊልም አንዳንዴ መጽሐፉን ይበልጥ ይጎዳዋል።

እውነተኛው ፈተና ግን መክፈቻው ሳይሆን መካከሉ ነው። መጽሐፉ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ተሳፋሪዎች እየተራ ወደ ምግብ ቤቱ ፉርጎ እየገቡ ቃላቸውን የሚሰጡበት ነው። ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይናገራሉ፣ ይወጣሉ። በንባብ ጊዜ ይህ ይጣፍጣል፤ እያንዳንዱ ቃል ካለፈው ጋር ይጋጫል ወይም ከልክ በላይ ይስማማል። በፊልም ግን ሒሳቡን ያስሉት። ለአሥራ ሁለት ሰው ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ ቢሰጥ 48 ደቂቃ የተቀመጡ ሰዎች ሲያወሩ ማየት ነው። ይህን መጽሐፍ ወደ ፊልም የሚያመጣ ሰው ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ የተመልካቾች አስተያየትም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው አዘጋጁ በእነዚያ 48 ደቂቃዎች ምን አደረገ በሚለው ላይ ነው።

ሉሜት አልሸሸም። ኢንግሪድ በርግማን ስዊድናዊቷን ሚስዮናዊ ግሬታ ኦልሰንን ሆና ስትመረመር ካሜራው አምስት ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ሳይቆረጥ ይከተላታል። መጀመሪያ ለበርግማን የታሰበላት የልዕልቷ ሚና ነበር፤ ይህን ዓይን አፋር ሚና የመረጠችው ራሷ ናት። በዚያ ረጅም ቀረጻ ውስጥ እንግሊዝኛዋ ይሰናከላል፣ ዓይኗ መጠጊያ ይፈልጋል፣ ፈገግታዋ መጥቶ ይጠፋል። ለሥራዬ ስል ይህን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬው አላውቅም፤ ሰዓት ይዤ ካልሆነ በቀር ርዝመቱ ተሰምቶኝ አያውቅም። በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ያገኘችው በዚህ ፊልም ነው። ሰው ተቀምጦ ሲናገር ማየት አሰልቺ ነው የሚል አዘጋጅ ይህን ይመልከት።

የ2017ቱ አዘጋጅ፣ ፖዋሮንም ራሱ የተጫወተው ብራና፣ ሌላ መንገድ ሄደ። ምርመራዎቹን ቆራርጦ አደባለቃቸው፤ አንዳንዱን ከፉርጎው አውጥቶ በረዶ ላይ አደረገው። በመጽሐፉ ባቡሩ በዩጎዝላቪያ በቪንኮቭቺና በብሮድ መካከል በበረዶ ክምር ተይዞ ይቆማል፤ ያን ያህል ነው። በ2017ቱ ግን የበረዶ ናዳ ይወርዳል፣ ባቡሩ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ይቆማል፣ በድልድዩ እንጨቶች መካከል ሩጫ አለ፣ ፖዋሮንም ጥይት ያገኘዋል። ምስሉ ውብ መሆኑን አልክድም፤ ፊልሙ ከተለመደው ሰፋ ባለ የ65 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ስለሆነ በትልቅ መጋረጃ ላይ በረዶውና የፉርጎው እንጨት ዓይን ይማርካሉ። በትልቅ ሲኒማ ያየው ተመልካች «ድንቅ» ቢል አይፈረድበትም፤ እርስዎ በምን ላይ እንዳዩት ባላውቅም በትንሽ ስክሪን ካዩት የፊልሙ ግማሽ ብርታት አምልጦዎታል። ጉዳቱ ግን ይህ ነው፦ የመጽሐፉ ጭንቀት የሚመነጨው ከመዘጋት ነው። ገዳዩ ከዚያች አንዲት ፉርጎ ሊወጣ አይችልም፤ እኛም አንችልም። ሰዎቹ እየወረዱ በበረዶው ላይ ሲመላለሱ ግን አየር ይገባል፤ አየር ሲገባ ጥርጣሬው ይላላል። እርስዎን ቅር ያሰኘዎት ይህ ይመስለኛል፤ ስሙን ሳያወጡለት።

ሌላው ተመልካቾች የሚዘባበቱበት ነገር የብራና ሪዝ ነው። እዚህ ላይ ለብራና እከራከራለሁ። ክሪስቲ ለፖዋሮ የሰጠችው ትልቅ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ የሚያስቅ ሪዝ ነው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ በሶርያ ሀለብ ባቡር ጣቢያ ስናገኘው በልብሱ ተጠቅልሎ የሚታየው የቀላ የአፍንጫ ጫፍና የሪዙ ሁለት ጫፍ ብቻ ነው። ይልቅ የሚያከራክረው ከሪዙ በታች ያለው አካል ነው። በመጽሐፉ ፖዋሮን ያዩ ሰዎች ይንቁታል፤ አጭር፣ ራሱ እንቁላል የሚመስል፣ ቁም ነገር የማይጠበቅበት ሰው ነው። ይህ ለቀልድ ብቻ የገባ አይደለም። የተናቀ ሰው ፊት ሰው ይዘናጋል፤ የተዘናጋ ሰው ደግሞ ያወራል። የፖዋሮ መሣሪያው መናቁ ነው። ብራና ፊልሙን በኢየሩሳሌም በሕዝብ ፊት ሌባ በማጋለጥ ከፍቶ፣ ፖዋሮን ሲሮጥና ሲታገል ሲያሳየን ግን ተጠርጣሪዎቹ ከመጀመሪያው ሊጠነቀቁት የሚገባ ጀግና ሆኖ ይቀርባል። አልበርት ፊኒ በ1974ቱ የሠራው ፖዋሮ ይጮኻል፣ ይንቆራጠጣል፣ ፀጉሩ በቅባት ተጣብቋል፤ አንዳንድ ተመልካች ከልክ ያለፈ ነው ይላል። ልክ ነው፣ ከልክ ያለፈ ነው። መናቁ ግን አልጠፋም።

ወደ ሱሼ ስመጣ አንድ ስህተት ላርም። ዴቪድ ሱሼ ከ1989 እስከ 2013 በ70 ክፍሎች ፖዋሮን ስለተጫወተ፣ በ2010 የቀረበው የኦሪየንት ኤክስፕረስ ክፍል እንደ ቀድሞዎቹ ቀለል ያለና ፈገግ የሚያሰኝ ነው ብለው የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። ከዚያ በጣም የራቀ ነው። ሲጀምር አንድ ወጣት መኮንን በፖዋሮ ክስ ፊት ራሱን ይገድላል። ቀጥሎ በኢስታንቡል አንዲት ሴት በድንጋይ ስትወገር እናያለን። ባቡሩ ይቀዘቅዛል፣ ፊቶች ይጨልማሉ፤ መርማሪው መቁጠሪያውን ይዞ ይጸልያል። «ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ክሪስቲ እንዲህ አልጻፈችም» የሚሉ አስተያየቶች የበዙት በዚህ ምክንያት ነው። ውግራቱ በእርግጥ በመጽሐፉ የለም። የመኮንኑ ሞት ግን አለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ፖዋሮ በሶርያ ስለጨረሰው ጉዳይ ስትናገር ክሪስቲ አንድ የተከበረ መኮንን ራሱን እንዳጠፋ፣ ሌላውም በድንገት ሥራውን እንደለቀቀ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ትነግረንና ታልፋለች። አብዛኛው አንባቢ በእሷ ላይ ይንሸራተታል። የ2010ሩ ጽሑፍ አዘጋጅ ግን እዚያ ቆመ። መርማሪው እውነትን ማውጣቱ ሰው የገደለበት ጊዜ ካለ ቀጥሎ ባቡር የሚሳፈረው በምን ልብ ነው? ሙሉው ፊልም ከዚህ ጥያቄ የበቀለ ነው። ይህ ከመጽሐፉ መውጣት ሳይሆን መጽሐፉን በጣም ቀርቦ ማንበብ ነው።

የሦስቱም ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው መጨረሻው ላይ ነው፤ ምስጢሩን ሳልነካ ልናገር። ፖዋሮ ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ሳይሆን ሁለት መፍትሔ ያቀርባል። የትኛው ለፖሊስ ይነገር የሚለውን የሚመርጡት የባቡር ድርጅቱ ኃላፊ ቡክና የሚያግዘው ሐኪም ናቸው። ፖዋሮ ከጉዳዩ ተሰናብቶ ገለል ይላል። ይህ ሁሉ በጥቂት መስመሮች ያልቃል፤ ጩኸት የለም፣ እንባ የለም። የ1974ቱ ፊልም ይህን ቅለት ተቀብሎ ጭራሽ የደስታ ቃና ይጨምርበታል። የ2010ሩ ቅለቱን አልቀበልም ብሎ ሸክሙን በሙሉ በፖዋሮ ትከሻ ላይ ይጭነዋል፤ መጨረሻ ላይ የምናየው በረዶ ላይ የሚሄድ አንድ የተሰበረ ፊት ነው። ብራናም ሸክሙን ለፖዋሮ ይሰጣል፤ ተጠርጣሪዎቹን በዋሻ አፍ ላይ በረጅም ጠረጴዛ ደርድሮ የመጨረሻውን እራት ሥዕል እንዲመስሉ ያደርጋቸዋል። እዚህ ላይ እጁ ከበደብኝ። ተመልካቹ ራሱ ሊያስበው የነበረውን በሥዕል ይነግረዋል።

ስለዚህ «መጨረሻውን አበላሽተውታል» የሚል አስተያየት ሲያነቡ ሰውየው የሚለው በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፦ መርማሪው ሊሠቃይ ይገባው ነበር ወይስ አይገባውም ነበር? መጽሐፉ የታተመበት ጊዜ እዚህ ላይ ይረዳል። በ1932 የታዋቂው አውሮፕላን አብራሪ የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ታፍኖ ሞቶ ተገኘ፤ በምርመራው የተጨነቀች አንዲት የቤት ሠራተኛም ራሷን አጠፋች። ክሪስቲ የአርምስትሮንግን ታሪክ የሠራችው ከዚህ ነው። መጽሐፉ በጃንዋሪ 1934 ለእንግሊዝ አንባቢ ሲደርስ በእውነተኛው ጉዳይ ማንም አልተያዘም ነበር፤ ተጠርጣሪው የታሰረው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ነው። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ቁጣውን ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል፤ ደራሲዋ ልትቀሰቅሰው አላስፈለጋትም፤ የመጨረሻው ገጽ ቀላል የሆነውም ለዚያ ነው። ያ ቁጣ የሌለው የኋላ ዘመን ተመልካች ግን ያንኑ ገጽ ሲያይ «እንዲህ በቀላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ አዲሶቹ ፊልሞች ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። በረዶውም ቢሆን ከአየር የተወሰደ አይደለም፤ በ1929 ይኸው ባቡር በቱርክ ውስጥ ለቀናት በበረዶ ተይዞ ነበር፣ ክሪስቲ ራሷም በ1931 መጨረሻ ከነነዌ ቁፋሮ ስትመለስ ጎርፍ ሐዲዱን ጠርጎት በመንገድ ላይ ቆማለች።

«ደራሲዋን መሳደብ ነው» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። ክሪስቲ የ1974ቱን ምረቃ በ84 ዓመቷ ተገኝታ አይታለች፤ ፊልሙን ወድዳዋለች፣ የፊኒ ሪዝ ግን አልበቃትም። ይህን እንደ ማኅተም አድርገው «ነገሩ አልቋል» የሚሉ አሉ። በ1960ዎቹ ግን በሥራዎቿ ላይ በተሠሩ ፊልሞች ተማርራ እንደነበር ይረሳሉ፤ ከእነዚያ ፊልሞች በሁለቱ የፖዋሮ ታሪኮች ተወስደው ለሌላዋ መርማሪዋ ለሚስ ማርፕል ተሰጥተው ነበር። መለወጥን በመርህ የምትጠላ ግን አልነበረችም። የራሷን ልብ ወለዶች ወደ ቲያትር ስታመጣ በአባይ ወንዝ ላይ የሚፈጸመውን የግድያ ታሪክ ጨምሮ ከበርካታዎቹ ፖዋሮን ራሷ አውጥታ ጥላዋለች። በ1943 መድረክ ላይ ለቀረበው፣ አሥር ሰዎች በአንድ ደሴት ላይ አንድ በአንድ ለሚሞቱበት ታሪኳ ደግሞ ፍጻሜውን ለውጣ ጽፋለታለች። ለደራሲዋ የማይከብድ ነገር ለአድናቂዋ የሚከብድበት ምክንያት አይታየኝም። መጠየቅ ያለበት ተለወጠ ወይ ሳይሆን ለውጡ ምን አስገኘ የሚለው ነው።

የአስተያየቶቹ መራራቅ አንድ ሌላ ቀላል ምክንያትም አለው፤ መልሱን አውቆ የሚያይና ሳያውቅ የሚያይ ሰው አንድ ፊልም አያዩም። እርስዎ መጽሐፉን በጨረሱ ማግስት አይተውታል፤ ወርቁን ይዘው ሰሙን ሲያዩ ማለት ነው። የሚቀርዎት ማወዳደር ብቻ ነው፣ ማወዳደር ደግሞ ሁልጊዜ ፊልሙን ያሳንሰዋል። በ2017 በረዶውንና ተዋንያኑን ብሎ ሲኒማ የገባ፣ መጽሐፉን ሰምቶት የማያውቅ ሰው ግን መጨረሻው በእውነት አስደንግጦታል። አስተያየት ሲያነቡ ከሁሉ በፊት ይህን ይፈልጉ፤ ጸሐፊው መልሱን ያውቅ ነበር? ካልገለጸ ፍርዱን ብዙም አይመኑት።

እንግዲህ ምክሬ። ለአባትዎ የ1974ቱ የሚሆንበት ምክንያት ሁለት ነው። ምስጢሩ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ያቺን አንድ ጊዜ በትክክል የሚጠቀምባት ይህ ፊልም ነው። ሁለተኛው የተዋንያን አመራረጡ ነው። ብዙ የወንጀል ምርመራ ፊልም ያየ ሰው ከተጠርጣሪዎቹ መካከል በጣም ዝነኛውን ተዋናይ አይቶ «እሱ ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ሉሜት ሾን ኮነሪን፣ ሎረን ባኮልን፣ ጆን ጊልጉድን፣ ቫኔሳ ሬድግሬቭን፣ አንተኒ ፐርኪንስን ከበርግማን ጋር አንድ ፉርጎ ውስጥ ስለከተታቸው ይህ ብልጠት አይሠራም። ብራናም ይህንኑ ዘዴ ተከትሏል፤ እሱን ሁለተኛ ያድርጉት፣ በሚያገኙት ትልቁ መጋረጃ ላይ። ታሪኩን ወደ ዘመናችን ያመጣ የ2001 የቴሌቪዥን ቅጂም አለ፤ እሱን ይለፉት።

ጥቂት ጥንቃቄ። ማስታወቂያውንም ሆነ የታሪኩን ማጠቃለያ አያሳዩአቸው። በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተቀዳበትን ቅጂ አይምረጡ፤ በዚህ ታሪክ ማን በምን ዘዬ እንደሚናገርና የትኛውን ቃል እንደሚመርጥ ራሱ ፍንጭ ነው፣ በድምፅ ቅጂ ይጠፋል። የግርጌ ጽሑፍ ይሻላል፤ ነገር ግን ጽሑፉን የሚያነብ ዓይን ፊት ያመልጠዋልና በበርግማን ትዕይንት ላይ አንድ ጊዜ መልሰው ቢያሳዩአቸው ይፈቀዳል። በመሐረብ ላይ የተጠለፈ ፊደልም አለ፤ ስለ እሱ ምንም አይበሉ።

የሱሼውን ለራስዎ ያቆዩት። በእኔ ፍርድ ከሦስቱ በጣም የጠለቀው እሱ ነው፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ አይደለም፣ ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ነው። የብራናው ቅሬታ እስኪበርድ ጥቂት ሳምንት ይታገሡና ብቻዎን ይዩት። ከዚያ በፊት የመጽሐፉን የመጀመሪያ ምዕራፍ እንደገና ይክፈቱ፤ በሀለብ ጣቢያ፣ ባቡሩ ገና ሳይነሣ፣ ስለ መኮንኑ የምትናገረው ዓረፍተ ነገር እዚያ አለች።